ከግራሩ ሥር ያለው አፈር

ወንድሜ ግራሩን የመነጠረው ለግጦሽ ብሎ ነው። ከሸዋ ሮቢት በላይ ባለው ተዳፋት፣ ከአባታችን የወረስነውን ዱር ደቦ ጠርቶ እስከ ወንዙ ዳር አጸዳው፤ የቀረው ከቤታችን ጀርባ ያለው ጥቂት ዛፍ ብቻ ነበር። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የደቦተኛውን ጠላ የጠመቅሁትም እኔ ነኝ። "ጋሼ፣ ትንሽ ብናስቀር?" ስለው፣ "ዛፍ ሲታለብ አይተሽ ታውቂያለሽ?" ብሎ ሰው አሳቀብኝ።

የመጀመሪያው ክረምት አኮራው። ሣሩ ጉልበት ደረሰ፤ ጎረቤት እየመጣ መረቀ። እኔም ወተቱ ሲበረክት አፌን ዘጋሁ። በቀጣዩ ክረምት ግን ዝናቡ ሳይጓደል ሣሩ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ እያደር መሬቱ ራሰ በራ ሆነ። ከብቶቹ በሮቢት ፀሐይ ከቤታችን ግድግዳ ጥላ ሥር ይጋፋሉ። ላሚቱ እርጉዝ ናት፤ የጎኗ አጥንት ግን ይቆጠራል።

ጨንቆኝ ከተማ ወርጄ የግብርና ባለሙያ ለመንሁ። መጥቶ ከተመነጠረው መሬትና ከቀሩት ግራሮች ሥር አፈር ወሰደ፤ ውጤቱን ይዞ ሲመለስ ደጅ ቆመን ሰማነው። ግራር በሥሩም በሚረግፈው ቅጠሉም ለመሬት ናይትሮጅን ይሰጣል አለ። የመጀመሪያው ዓመት ሣር ዛፎቹ ያጠራቀሙትን በላ፣ አሁን የሚተካው የለም። ከቀሩት ዛፎች ሥር ያለው አፈር ግን ዛሬም የሰባ ነው።

ደስ አለኝ። ወንድሜን ዞሬ አየሁት፤ እሱ የሚያየው ዛፎቹን ነበር።

"እንግዲያው ሣር የሚያበቅለው ያ አፈር ነዋ!" አለ። "ቅዳሜ ደቦ እጠራለሁ። ጠላ ጥመቂ።"

ባለሙያው ሊያስረዳው ቢሞክር ማን ሰምቶት! ቅንድብ አስተካክላለሁ ብላ ዓይን አጠፋች የሚሉት እኔን ነው። መሬቱን እንዲያድንልኝ ያመጣሁት ሰው የት እንደሚቆረጥ አሳይቶ ሄደ።

ደቦ ያለ ጠላ እንደማይቆም በእኛ አገር ሁሉም ያውቃል። ጋኑን አጥቤ ደፍቼ አስቀመጥኩት፤ ጌሾ አልነካሁም። በታላቅ ወንድሜ ላይ እንዲህ አድርጌ ስለማላውቅ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ አለኝ። ዓርብ ዕለት መጥቶ ጋኑን አየ።

"አልጠነሰስኩም፣ ጋሼ" አልኩት። "ለሌላ ሥራ እጠምቃለሁ፤ ለእነዚህ ዛፎች ግን አልጠምቅም።"

ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁ ዝቅ አለ። "ታዲያ ላሚቱ ምን ትብላ?"

ደቦው ቀረ። አንድ መጥረቢያ ግን ጠላ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ ወደ ጓሮ አደምጣለሁ። እስካሁን የምሰማው ላሚቱ እምቧ ስትል ብቻ ነው።