የጠረጴዛው ቁመት

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ብረት የሚበይድ ሰው መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ነው የሚበይደው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግቢዬ ውስጥ፣ ከመኖሪያ ቤቱ ጎን፣ በመንገዱ በኩል በቆርቆሮ በከደንኳት ዳስ ስር፣ በሩንም መስኮቱንም አልጋውንም አፈር ላይ አጋድሜ ስበይድ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ረጅም ሰው ነኝ፤ ረጅም ሰው ቀኑን ሙሉ ቁጢጥ ሲል ምን እንደሚሆን ወገቤ ያውቀዋል። ጠዋት ከአልጋ የምነሳው ግድግዳ ይዤ ነው። ሰው «ጠረጴዛ ለራስህ ለምን አትሠራም?» ሲለኝ «ይሄን በር ልጨርስና» እላለሁ። ከዚያ ሌላ በር ይመጣል።

በመጨረሻ ጠረጴዛ ለመሥራት የተነሳሁት ለወገቤ ብዬ አይደለም። ልጄ ዓረብ አገር እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው።

ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ቴክኒክና ሙያ ገብታ ብረታ ብረት ልማር ስትለኝ ሳቅሁባት፤ ኮምፒውተሩን ወይ ሒሳቡን ተማሪ አልኳት። እሷ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የብረት ብናኝ ስትረግጥ ነው ያደገችው። ተማረች፣ ጨረሰች፣ ከጓደኞቿ ጋር ተደራጁ ተባሉና ተደራጁ፤ ዛሬ ነገ ሲባሉ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዳስ መጣች። የምትበይደው መስመር ከእኔ ይጠራል፤ እኔ ሁለት ጊዜ የምመለስበትን እሷ አንዴ አልፋው አትመለስም። ይህን አሁን እናገራለሁ፤ ያኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አልነገርኳትም።

ችግሩ ቁጢጥታው ነበር። ቀሚሷን ከሱሪዋ በላይ ጠቅልላ፣ ሻርፗን አንገቷ ውስጥ ወትፋ መንገድ ዳር ቁጢጥ ስትል፣ በገበያ ቀን የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያያታል። አንዳንዱ ይስቃል። ሥራ ሊያሠራ የመጣውም እሷን እያየ «ባለሙያው የለም?» ይላል። «አሉ፣ ሻይ እየጠጡ ነው» ትልና መበየዷን ትቀጥላለች። እኔ የምትቀልድ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ «አባ፣ እኔም እንደ ጓደኞቼ ልሂድ» አለችኝ። አብረዋት ከተማሩት አንዷ ሪያድ ናት፣ አንዷ ዱባይ።

«እኔ ቆሜ አትሄጃትም» አልኳት። እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ስቆጣ ደግሞ ድምፄ ጎረቤት ይሰማል። እሷ ዝም ብላ በላች። እናቷም ዝም አለች። ሁለቱም ዝም ሲሉ ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ከሰዓት ዳሱ ስር ጠራኋት። «ጠረጴዛ እንሠራለን» አልኳት። «እንደ ሰው ቆመሽ ትበይጃለሽ። ቁመቱም በአንቺ ልክ ይሆናል።»

«ለእርስዎስ?»

«እኔማ ቁጢጡን ለምጄዋለሁ።»

ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ «ኢንሻ አላህ» አለች። እሺ ማለቷ መሰለኝ።

አዲስ ብረት የሚታሰብ ስላልነበር ወዳቂ ብረት ፍለጋ ጀመርን። በአቀስታ መንገድ ላይ አንድ ወፍጮ ቤት ከናፍጣ ወደ መብራት ተቀይሮ ነበር። የድሮው ሞተር የተቀመጠበት ላሜራ ጓሮ ተጥሎ ዶሮ ይተኛበታል፤ ውፍረቱ የትንሽ ጣቴን ያህላል። ባለቤትየው የወፍጮ ቤቱን በር ብንጠግንለት ላሜራውን ሊሰጠን ተስማማ። በሩን የጠገነችው እሷ ናት። ለእግሩ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጦ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ዓመታት የከረመ አይሱዙ አገኘን፤ በሻንሲው፣ በመኪናው አጽም መሃል ሣር በቅሏል። ሣሩን ነቅላ ወደ ጎን አድርጋ ነው በግራይንደር የቆረጠችው።

ዝገቱን ለማንሳት ብቻ አንድ ሳምንት ፈጀብን። መብራት ሲኖር በግራይንደር፣ ሲጠፋ በሽቦ ብሩሽ። ከዝገቱ ስር የብዙ ዓመት ዱቄትና ናፍጣ ተጋግሮ ነበር፤ ግራይንደሩ ሲያሞቀው ያረረ ቆሎ ሸተተን። ልጄ መነጽሯን አውልቃ ሳቀች። ፊቷ በዝገት ቀልቶ ጥርሷ ብቻ ነጭ ነበር። በዚያ ሳምንት ልቤ ረጋ። ትሄዳለች የሚለውን ሐሳብ ጨርሶ ረሳሁት።

ላሜራውን ገልብጠን ከስሩ ማጠንከሪያ ብረት ስንበይድ ተጣላን። እኔ ከአንዱ ጫፍ ጀምሬ እስከ ሌላው ጫፍ ልሄድ አልኩ። «አባ፣ ከአንድ ወገን ከሄድን ሙቀቱ ስቦ ያጎብጥብናል፤ ከመሃል ነካ፣ ከማዶ ነካ እያደረግን እናፈራርቀው» አለች። «አንቺ ሳትወለጂ የበየድኩ ሰው ነኝ» ብዬ በራሴ መንገድ ሄድኩ። ሲቀዘቅዝ ውሃ ልክ ብናስቀምጥበት አረፋው ወደ ጎን ሸሸ። የላሜራው ጫፍ ተነስቶ የክብሪት ቀፎ በስሩ ያሳልፋል። በማግስቱ የበየድኩትን ቆርጬ አወጣሁ። ምሳ በልቼ ስመለስ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚበየድ በጠመኔ ቁጥር ጽፋ አገኘሁ፤ አንድ እዚህ፣ ሁለት ከማዶ፣ ሦስት መሃል። ቁጥሯን ተከትዬ በየድኩ። ላሜራው ቀጥ አለ።

የቀረው እግሩ ነበር። ልጄን በዳሱ ምሰሶ አስጠግቼ አቆምኳትና ከክርኗ ዝቅ ብዬ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። በሜትር ስለካው ሰማንያ ሁለት ሆነ። «ሰማንያ ሁለት ነው፤ እንዳትረሺ» አልኳት።

በማግስቱ ከከተማ ወጣ ያለ ትምህርት ቤት የበር ማጠፊያ ልቀይር ሄጄ ዋልኩ። ለዐስር ሶላት ሲጣራ ተመለስኩ። ጠረጴዛው በአራት እግሩ ቆሟል። ያን ሁሉ ዓመት «ይሄን በር ልጨርስና» ስለው የኖርኩት ጠረጴዛ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ተጠግቼ ብቆም ግን ከዳሌዬ ደረሰ። ሜትር አወጣሁ፤ ዘጠና ስድስት። እሷ ከአጠገቡ ስትቆም ከደረቷ ስር ይመጣል።

መስኮት ያዘዘ ሰውዬ ዳሱ ስር ቆሞ ነበር። እሱ ፊት ጮህኩባት። «ያን ሁሉ ዓመት ስትማሪ ሜትር ማንበብ አላስተማሩሽም? ሰማንያ ሁለትና ዘጠና ስድስት አይለይሽም?» አልኳት። ሰውዬው ሳቀና «ሴትና ሜትር ምን አገናኛቸው?» አለ። ልጄን ደግፌ አንድ ቃል አልመለስኩለትም።

«ተሳስቻለሁ አባ፣ አውፍ ይበሉኝ» አለች። ዓይኗ መሬት ላይ ነበር።

«እቆርጠዋለሁ» አልኩ።

«አይቁረጡት። በውሃ ልክ አስተካክዬ ነው ያቆምኩት፤ እንደገና ቢነካ ይናጋል። እኔ መቆሚያ ሳንቃ ላይ እወጣለሁ።»

የመቁረጫ ዲስክም አልቆብን ስለነበር ለጊዜው ተውኩት። ከባሕር ዛፍ ሳንቃ ዝቅ ያለ መቆሚያ መታሁላት። እሱ ላይ ቆማ የዚያን የሳቀባትን ሰውዬ መስኮት በየደችለት። ቀሚሷ አልተጠቀለለም፣ ወገቧም አልጎበጠም። በመንገዱ የሚያልፍ ቆሞ አላያትም። በልቤ «ይኸው፣ ቀረችልኝ» አልኩ። ጠረጴዛው ላይ የሠራችው ግን ያን መስኮት ብቻ ነው።

ከሳምንት በኋላ ደሴ ሄጄ የብቃት ምዘና ፈተና እወስዳለሁ አለች። እውነት መሰለኝ፤ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ብርድ ስለነበር ጋቢዬን ላልብሳት ብል እምቢ አለች። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ለሦስት ቀን መንገድ ጉልበት መሳም ምን የሚሉት ነው ብዬ እንኳ አላሰብኩም። አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ በመስኮት ስታየኝ፣ «ኤሌክትሮድና የመቁረጫ ዲስክ ይዘሽ ነይ፤ ዲስኩ ቀጭኑ ይሁን፣ የጠረጴዛውን እግር ልቁረጥበት» አልኳት። ዓይኗን እያየሁ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

በሦስተኛው ቀን የአውቶቡሱ ረዳት አንድ ካርቶን አመጣልኝ። ኤሌክትሮድ ነበረው፤ ያላዘዝኩት ወፍራም የቆዳ ጓንትም ነበረው። ዲስክ ግን አልነበረውም። ረሳችው ብዬ አጉረመረምኩ።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ከአዲስ አበባ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ነበር።

«አባ፣ ልሳፈር ነው» አለች። እኔ ያ ሁሉ ጩኸቴ የት እንደገባ አላውቅም። «ወገብዎን አደራ» አለችና ለእናቴ ይስጡልኝ አለችኝ። እናቷ ስልኩን ይዛ አለቀሰች፤ ግን አልደነገጠችም። አለመደንገጧን አየሁ።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አውቅ ነበር። ለአንተ ብትነግርህ እንደማትለቃት ታውቃለች።»

ብዙ ቀን ከባለቤቴ ጋር ሳንነጋገር ከረምን። ዳሱን ዘጋሁት። በር ያዘዘው ሰው ሁሉ ሲመላለስ ቢያስቸግረኝ፣ አንድ ጠዋት ከፍቼ ገባሁ። ጓንቱን አጠለቅሁ። ሳንቃውን በእግሬ ወደ ጎን ልገፋ አሰብኩና ተውኩት። በሩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ መበየድ ጀመርኩ። የቀትሩን ዙሁር ሰግጄ ተመልሼ ስበይድ ዐስር ደረሰ። ሶላት ልሰግድ ዞር ስል ነው ልብ ያልኩት፤ ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት። የምደገፈው ግድግዳ አልፈለግሁም። ከሃያ ዓመት ወዲህ እንደዚያ ውዬ አላውቅም።

ወደ ቤት ስገባ ባለቤቴ ከገመድ ላይ ልብስ ታነሳለች። ኩርፊያውን ረስቼ «የልጅሽ ስህተት ለእኔ በጀኝ፤ ሲሳሳቱ እንዲህ ነው» አልኳት።

ባለቤቴ የያዘችውን ልብስ ሳታስቀምጥ አየችኝ። «የምን ስህተት? ሱሪህን ከዚህ ገመድ አውርዳ ከወገቡ እስከ እግሩ በሜትር ስትለካው አይቻት የለም እንዴ። ሰፊ ጋ ልታሰፋልህ መስሎኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ትምህርት ቤቱ የሄድክ ለታ።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ሜትር ማንበብ ታውቃለች። ሰማንያ ሁለት ያልቆረጠችው ሰማንያ ሁለት ላይ የሚቆም ሰው እንደማይኖር ስለምታውቅ ነው። ጠረጴዛውን በእኔ ልክ ቆርጣ፣ ስጮህባት ተሳስቻለሁ አለች፤ ሰው ሲስቅባት ቻለችው። እውነቱን ብትናገር መሄዷን ልትነግረኝ ነው። ለሠራችልኝ ደግነት ስድብ ከፈልኳት። እርር አልኩ፤ አለቀስኩም። ባለቤቴ ልብሱን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተነጋገርን።

ልጄ አሁን ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ያ የጠራ እጅ ሳህን ያጥባል፣ ምንጣፍ ይጠርጋል። አሠሪዎቿ ሲወጡላት ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች። በየጊዜው አውፍ በይኝ ልላት እዘጋጃለሁ። ድምፅዋን ስሰማ ግን ስለ ዝናቡ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ጎረቤት እናወራና ያልፋል። አባት ሆኜ ልጄን ይቅርታ መጠየቅ ይህን ያህል ይከብደኛል ብዬ አላስብም ነበር።

ባለፈው ጁምዓ «አባ፣ የጠረጴዛውን እግር ቆረጡት?» አለችኝ።

«ዲስክ የለኝም» አልኳት።

ዲስክ ሳጥን ሙሉ አለኝ። እሷም ሳታውቀው አትቀርም። ሳቀች፤ ብዙ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ድምፅዋ ተቀየረ። «በይ አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት። «እርስዎም ያብሽሩ» አለችና አሠሪዋ ስትጣራ ዘጋችው።

ሥራ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ በሳንቃው ይደናቀፋል፤ አንሳው ይሉኛል። አላነሳሁትም። ዳሱን ስጠርግ ብቻ አወጣውና ስሩን ጠርጌ ቦታው እመልሰዋለሁ። ከጠረጴዛው ፊት ለፊት መሃሉ ላይ ነው ያለው፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ እበይዳለሁ።