ለላሟ የተፈቀደ

በዛወርቅ ከዋጫ ቦንጋ ማረሚያ ቤት የምትመላለሰው አሥራ አራት ዓመት የተፈረደበትን ባሏን ሣህሌን ለመጠየቅ ነው። እሷ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እሱ ሊፈታ ዘጠኝ ዓመት ይቀረዋል። ልጅ የላቸውም።

ጅማ ያለው ሐኪም በሕክምና ለማርገዝ ምን እንደሚያስፈልግ አስረድቷታል። የእሷ ምርመራ አልቋል፤ ቀጥሎ የባልየው ዘር በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ዘር ከሰውነት በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልታየ ይደክማል። ከቦንጋ ጅማ ደግሞ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ ሣህሌ ራሱ በፖሊስ አጀብ ጅማ መሄድ አለበት። አንድ መኪና፣ ሁለት ፖሊስ፣ አንድ ቀን፤ በቃ።

ማረሚያ ቤቱ ግን ወደ ሐኪም የሚያወጣው የታመመ እስረኛ ነው። ሣህሌ አልታመመም። ሦስት ጊዜ አመለከተች፤ ሦስቴም በቃል "አይቻልም" ተባለች።

በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ በር ጠባቂው እንደ ደንቡ "ቅመሺ" አላት። ለእስረኛ የሚገባ ምግብ ያመጣው ሰው ሳይቀምሰው አይገባም። ያመጣችውን ማር እየላሰች ሳለ አንድ ሞተር ብስክሌት አልፏት ገባ። ነጂው የከብት አዳቃዩ ቀጸላ ነው። ከኋላው የታሰረው ወፍራም ጣሳ ድንቅ ነገር ነው፤ በውስጡ ባለው እጅግ ቀዝቃዛ ፈሳሽ የኮርማ ዘር ዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል።

ሣህሌ እስረኛና ጠያቂን ከሚለየው ገመድ ማዶ ሆኖ ሳቀ።

"የግቢያችን ላም ኮርማ ፈልጋ ነው። ጠዋት ጮኸች፣ ከሰዓት ደረሱላት።"

"ስንት ጊዜ አመለከተች?" አለች በዛወርቅ።

ሳቁ ቆመ። እሷም ማሩን አቀብላው በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደች።

"ዛሬም መጣሽ?" አላት ኃላፊው። ለላሟ የተፈቀደው ለባሏ ለምን እንደተከለከለ ጠየቀችው። "ላሟ የመንግሥት ንብረት ናት። ካልወለደች ወተት የለም።"

"ባሌም በመንግሥት እጅ ነው። ፍርዱን ሁለቴ አንብቤዋለሁ፤ ይታሰር ይላል እንጂ መካን ይሁን አይልም።"

"ሲፈታ ትወልዳላችሁ።"

"ያኔ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። እርስዎን እናትዎ በአርባ ሰባታቸው ነው የወለዱዎት?"

ኃላፊው ፊቱ ቀላ። "ውጪ!"

"አልወጣም። አይፈቀድም ብለው ይጻፉልኝና ማኅተም ያድርጉበት።"

በቃል የተከለከለ ሰው የሚይዘው ነገር የለውም፤ ወረቀት ያለው ግን ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

"ቢሮ ልዘጋ ነው" አላት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል።

"ይዝጉብኝ። አንድ ቀን እንኳ ከባሌ ጋር አንድ ግቢ አድሬ ልውጣ።"

እየተነጫነጨ ሁለት መስመር ጻፈ፤ ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ መታው። ቀስ ብላ አነበበችና መለሰችለት።

"ቀን የለውም።"

"ቀን ምን ያደርግልሻል?"

"ለእርስዎ ቀኑ ሁሉ አንድ ነው። የኔ ግን እያለቀ ነው። ይጻፉበት!"