«ለሴትዮዋ ነገሯት?»

የአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ናት። አሥራ አራት ሠራተኞች በሥሯ አሉ። ፊት ለፊት «አለቃ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «ሰዓት» ነው ስሟ፣ የአንድ ደቂቃ መዘግየት አታልፍምና። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ማስተርስ ልማር ብላ ለቢዝነስ ትምህርት ቤት ስታመለክት ከባሏ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

የቃለ መጠይቁ ቀን ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ጠበቋት። መጀመሪያው እንደ ውሃ ፈሰሰላት። ኋላ ግን መነጽር ያደረገችው ሴት፣ «በሥራዎ ላይ የፈጸሙትን አንድ ስህተት ይንገሩን» አለቻት።

የተዘጋጀችበት መልስ ነበራት። ምን እንደነካት እንጃ፣ እሱን ትታ እውነተኛውን አወጣችው። ከሰባት ወር በፊት የመተኮሻው ማሽን ሠላሳ አንሶላ አቃጠለ። ማሽኑ ላይ የነበሩት አንጋፋዋ ሠራተኛ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴት ናቸው። ጥፋቱ በእሳቸው ተላከከና ወደ ቆሻሻ ልብስ መለያው ክፍል ተዛወሩ። ጠዋት ሙቀቱን ከፍ አድርጋ የረሳችው ራሷ መሆኗ ትዝ ያላት በማግስቱ፣ ዝውውሩ ከተፈረመ በኋላ ነው።

«ከዚያስ? ለሴትዮዋ ነገሯት?»

ምራቋን ዋጠች። «አዎ፣ ነግሬያታለሁ።»

አልነገረቻቸውም።

ወደ ቤት ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነገሩን ታመነዥከው ጀመር። ከመመለሷ በፊት ለምን ያህል ጊዜ ዝም አለች? ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዱ፣ ራሰ በራው ሰውዬ፣ ልክ ያኔ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። ምን ጻፈ? ጠያቂዋስ መነጽሯን ያወለቀችው ለምንድነው?

«ምሳ ምን እንደሚያዝዝ ይሆናላ የጻፈው!» አለ ባሏ ማታ ራት ላይ። አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጭንቀት የሚባል ነገር አይወድም።

«ቀልዱን ተወው። እስቲ አንተ ጠይቀኝ፣ እኔ እንደዚያን ጊዜው ልመልስ።»

ጠየቃት። ምራቋን ውጣ «አዎ» አለች።

«ሦስት ሴኮንድ አይሞላም፤ ማን ልብ ይለዋል?» አለና ማንኪያውን እንዳነሳ ቀረ። «ቆይ... ነግረሻቸዋል አይደል?»

ሳህኗን ገፋ አደረገች። ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ በራቱ ላይ ቀልድ የሚባል አልተሰማም።

በማግስቱ የሥራ ሰዓት ሳይገባ ወደ መለያው ክፍል ገባች። እትዬ የላስቲክ ጓንት እስከ ክንዳቸው አጥልቀው ደም የነካውን አንሶላ ለብቻ ይለያሉ።

«እትዬ፣ ያን ዕለት ሙቀቱን ከፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

አንሶላውን ለቀቁት። «መቼ አወቅሽ?»

«በማግስቱ።»

«በማግስቱ!» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ሰባት ወር ሙሉ እንደምን አደሩ ስትዪኝ ታውቂ ነበር። እኔ እኮ ነክቼው ረስቼ ይሆናል ብዬ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ልጄ እንኳ ‹እማዬ፣ መርሳት ጀምረሻል፣ በቃ ጡረታ ውጪ› ብላኛለች።»

ይህን አልጠበቀችም። ቂም ይዘውብኛል ብላ ስትሰጋ ነበር እንጂ፣ ራሳቸውን ይጠረጥራሉ ብላ አስባ አታውቅም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እዚህ ጥግ ይዘሽኝ አይሆንም። ስሜ የጠፋው በሰው ፊት ነው።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሠራተኞቹን ሰብስባ መሃላቸው ቆመች። አንድ ማጠቢያ ብቻ ይሽከረከር ነበር። ጥፋቱ የእሷ እንጂ የእትዬ አለመሆኑን ተናገረች። ሁሉም እትዬን ያዩ ነበር። ያንኑ ቀን ለሆስፒታሉ አስተዳደር በጽሑፍ አሳወቀች። እትዬ ወደ መተኮሻው ተመለሱ፤ እሷ ላይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወጣ።

ለትምህርት ቤቱም ጻፈች። «ነግሬያታለሁ ያልኩት ያኔ እውነት አልነበረም። ዛሬ ነግሬያቸዋለሁ።»

«የምትልኪው ነው ወይስ ልብሽን ለማሳረፍ ብቻ የጻፍሽው ነው?» አለ ባሏ። ሳይጨርስ ላከችው። ከዚያማ ጭንቀቱ ባሰባት። ስልኳ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ታየው ነበር፤ ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረመች።

መልሱ መጣ። አልተቀበሏትም። ምክንያቱ ግን ከቃለ መጠይቁ በፊት በወሰደችው የመግቢያ ፈተና በሒሳብ አራት ነጥብ መጉደሉ ነው። ቃለ መጠይቁ ጥሩ እንደነበር፣ በሚቀጥለው ዓመት ብታመለክት ደስ እንደሚላቸው ጽፈዋል። ስለላከችው ደብዳቤ አንዲት ቃል የለም። ሒሳቡን ከተፈተነች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አስባው አታውቅም። መልሱን ደግማ ደጋግማ አነበበችው፤ ራሰ በራው ሰውዬ ምን እንደጻፈ ግን ዛሬም አላወቀችም።

ወሬ እግር አለው፤ ከባሏ አፍ ወጥቶ ማመልከቷም፣ ደብዳቤዋም፣ መጣሏም ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ዘንድ ደረሰ።

«ጣሉሽ አሉ?»

«በሒሳብ፣ እትዬ።»

«በሒሳብ ነው እንዴ? እኔ እኮ በእኔ ጉዳይ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ» አሉና አንሶላውን ወደ ማሽኑ ሰደዱት።

ቀልድ ይሁን ቁጣ አልለየችም፤ ለመጠየቅም አልደፈረችም። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚሰጥ የሒሳብ ትምህርት ተመዘገበች። ክፍሉ ውስጥ በዕድሜ ትልቋ እሷ ነበረች።