አላየሁም ያልኩት እጅ

ይህን ነገር ከአፌ ያወጣሁት ዛሬ ነው። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ሰምተው ጸልየውልኛል፤ ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘልላታለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ስናገር ፊታችሁን ስለማላይ ነው። ፈሪ ሰው የሚናዘዘው እንዲህ ነው።

ነገሩ ቅናት ነው። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬያለሁ። ረስቼ ነው ብያለሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብያለሁ። አልረሳሁም። ቀናሁ። አርባ ዓመት ያለፈኝ፣ የልጆች አባት የሆንኩ ሰው፣ ገና ከትምህርት በወጣች ልጅ ቀናሁ።

የግብርና ባለሙያ ነኝ። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በሆሳዕና ከተማ ዙሪያ ያሉትን ቀበሌዎች ለዓመታት የዞርኩት በአንዲት አሮጌ ሞተር ነው። ድምፅዋን የሰማ ገበሬ ገና ከሩቅ «ማቴዎስ መጣ» ይል ነበር። ያ ደስ ይለኝ ነበር። ከሚገባው በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት አብዝቼ የሰበክሁት ስለ እንሰት በሽታ ነው። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላ ጤነኛውን ይገድላል፤ ስለዚህ ቢላውን በእሳት ለብልቡት እላለሁ። አባወራዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እንሰቱም መሞቱን ይቀጥላል። እንሰት የሚቆርጡትና የሚፍቁት ሴቶቹ መሆናቸውን አላውቅም ነበር? አውቃለሁ። እኔ ግን አጥር ሥር ቆሜ ከባሎቻቸው ጋር አወራ ነበር።

ከዚያ አየለች የምትባል አዲስ ባለሙያ መሥሪያ ቤታችን መጣች። የጃጁራ ልጅ ነች፤ ሳቋ ቅርብ ነው። መጀመሪያ ቀን ጓሮ ገብታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብላ እንሰት ስትፍቅ አየኋት። በአገሬው ቋንቋ በሀዲይሳ እያወራች፣ እየሳቀች። «ይህቺ ደግሞ ሥራ መስሏታል» አልኩ በልቤ። ዓመት ሳይሞላ ግን በዚያ አካባቢ ቢላዋን እሳት ሳታስነካ እንሰት የምትቆርጥ ሴት ጠፋች።

አንድ ቀን ለዓመታት ወደምመላለስበት ቤት ሄድኩ። እመቤቲቱ ቢላዋን እሳት ላይ እያገላበጠች ቀና አለችና፣

«በሽታው እኮ በቢላ ነው የሚዛመተው። አየለች ነች ያስተማረችን። አንተ ይህን አልሰማህም እንዴ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። እኔ! እኔ አልሰማሁም! ያን ምሽት እራት አልበላሁም። ባለቤቴ ምን ሆንክ ብትለኝ ጨጓራዬ ነው አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ አለቃችን ሁላችንን ሰብስቦ፣ የአየለች ቀበሌዎች መኪና የማይደርስባቸው ስለሆኑ ሞተሯ ለእሷ ትሰጥ አለ። የእኔዋ ሞተር። «ጋሽ ማቴዎስ በሚኒባስ የሚደረስባቸውን ይያዝ፤ እሱም እስቲ ወገቡን ያሳርፍ» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሞተር ነድቶ ለማያውቅ ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። በግራ እጅ የሚጨበጥ ፍሪሲዮን የሚባል እጀታ አለ። ስትጨብጡት ሞተሩ ከጎማው ይለያያል፤ ማርሽ ውስጥ ብትሆንም ሞተሩ እየሠራ እናንተ ትቆማላችሁ። የእኔዋ ሞተር ግን አርጅታ ስለነበር እስከ መጨረሻ ብትጨብጧትም አትለያይም። ውስጧ የተደራረቡ ቀጫጭን ዲስኮች አሉ፤ እነሱ ጠምመዋል። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እርጥብ ወረቀት ከእርጥብ ወረቀት ጋር እንደሚጣበቅ ይጣበቃሉ። ይዛችኋት ቆማችሁ ሳለ ወደፊት ትስባችኋለች። ነዳጅ ከሰጣችኋትማ ትዘልላለች።

ሆሳዕና ያለው መካኒኬ ፈትቶ አሳይቶኛል። «ፍሪሲዮኗ ይጎትታል። ዲስኩ ካልተቀየረ መድኃኒት የለውም፤ ዕቃው ደግሞ እዚህ አይገኝም። ብቻ ማርሽ ውስጥ ሆነህ ሰው ፊት እንዳትቆም» ብሎኛል። እኔም ጠባይዋን ተምሬ ነበር። ጠዋት ሳላስነሳት ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሪሲዮኗን ጨብጬ፣ ዲስኮቹ እስኪላቀቁ ድረስ ወደፊትና ወደኋላ እገፋታለሁ። ስቆም ደግሞ ገና ሳልቆም ማርሿን ዜሮ አደርጋለሁ። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቁልፉን ስሰጣት አየለች ጠየቀችኝ። አልጠየቀችኝም እንዳልል ጠይቃኛለች።

«ጋሽ ማቴዎስ፣ የእሷን ጠባይ የምታውቀው አንተ ነህ። የምትነግረኝ ነገር የለም?»

«ደህና ነች» አልኳት። «ዘይቷን ብቻ እያየሽ ንጂ።»

ምን ፈልጌ ነበር? ሰው ፊት ሞተሯ እየጠፋባት እንድታፍር ነበር የፈለግሁት። ገበሬዎቹ «ማቴዎስ ሲነዳት እኮ እንዲህ አትሆንም ነበር» እንዲሉ ነበር። ሰው ይጎዳ አላልኩም። ግን መካኒኩ «ሰው ፊት» ያለኝን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም ያልኩ ሰው ያልፈለግሁት ሆነ ቢል ማን ያምነዋል?

ቁልፉን በሰጠኋት ሰሞን፣ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት በሚኒባስ ጃጁራ ወረድሁ። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ዝናቡ ስላላቋረጠ ሞተሯ ሳትነሳ ቆማ ነበር። ገበያው መግቢያ ላይ ቆሜ ሳለ አየለች ከቤቷ ወጥታ፣ በሞተሯ ከላይ ቁልቁል ስትመጣ አየኋት። ከብት የሚነዱ ሰዎች መንገዱን ዘጉ። ቆመች። ከፊቷ ቅቤ የሚሸጡ ሴቶች መንገዱ ዳር ተቀምጠዋል። እኔ በግራዋ በኩል ነበርኩ። ግራ እጇን አየሁ። ጣቶቿ እጀታውን እስከ መጨረሻ ጨብጠውታል።

ሞተሩ ሊጠፋባት ሲንተፋተፍ እንዳይጠፋ ትንሽ ነዳጅ ሰጠች። ማንም ይሰጣል። ሞተሯ ዘለለች። አየለች ጮኸች፤ ጎማው አንዲት አሮጊት ቅቤ ሻጭ እግር ላይ ወጣ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ልክ ነው፣ ሰማሁ።

ሰው ተሰበሰበ። «ሴት ልጅ ሞተር ምን ያደርግላታል!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። «ፍሪሲዮኑን ለቀቀችው!» አለ ሌላው። አየለች አሮጊቷን አቅፋ እያለቀሰች፣ «አልለቀቅሁም! ይዤው ነበር! ይዤው ነው የሄደችው!» ትላለች። ሰዎቹ እየተያዩ ፈገግ አሉ። ተይዞ የሚሄድ ሞተር የት አለ? ያን ጊዜ አየችኝ።

«ጋሽ ማቴዎስ! አንተ እዚህ ነበርክ! እጄን አላየህም? በእግዚአብሔር፣ ይዤው አልነበረም?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እነዚያ ገበሬዎች፣ እሷ ከመጣች ወዲህ የረሱኝ ገበሬዎች፣ አፌን ይጠብቃሉ። ክፉ ነገር ልናገር? በዚያች ደቂቃ፣ የሴትዮዋ እግር ተሰብሮ፣ ሰው ሁሉ የእኔን ቃል በመጠበቁ ውስጤ ትንሽ ደስ አለው።

«እኔ አላየሁም» አልኩ።

አየሁ። አላየሁም አልኩ።

አየለች ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም። አሮጊቷን ሆሳዕና ሆስፒታል ወስዳ አስታመመች፤ ልብሷን አጠበችላት። በሽማግሌ ፊት ተንበርክካ ላላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ ጠየቀች። እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። «ወጣት ነች፣ ልምድ የላትም፣ ማሩልን» ብዬ የለመንሁላት እኔ ነኝ። ሰዉ ሁሉ ደግነቴን አመሰገነ። አሮጊቷ ማረቻት፤ ቀሪ ዘመኗን ግን በምርኩዝ ሄደች።

ሞተሯ ወደ እኔ ተመለሰች። አየለችን ቢሮ አስቀመጧት፤ ገጠር መውጣት ቀረባት። እኔ ግን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ነግሬ ዲስኮቹን አስመጣሁ፤ ለማንም ሳልናገር አስቀየርኋቸው፤ አሮጌዎቹን ጣልኳቸው። እውነቷን የሚመሰክርላት ነገር ቢኖር እነዚያ የጠመሙ ብረቶች ነበሩ። ዓመት ሳይሞላ አየለች ሥራውን ለቀቀች።

ባለፈው ዓመት ለሥልጠና ሺንሺቾ ሄጄ አገኘኋት። እዚያ አግብታ የእህል መደብር ከፍታለች። እንዳየችኝ ሮጣ አቀፈችኝ፤ ካልበላህ አትሄድም ብላ ቤቷ ወሰደችኝ። ባሏ መምህር ነው። ግቢያቸው ውስጥ አዲስ ሞተር በላስቲክ ተሸፍና ቆማለች።

«ለእሷ ነበር የገዛሁት» አለኝ ባሏ። «እህሉን ከገጠር እንድትሰበስብበት። ንጂ ብላት እምቢ አለች።»

አየለች ሳቀች። «እጄን አላምነውማ! ጋሽ ማቴዎስ ያውቃል። ያኔ አልለቀቅሁም ብዬ ስምል ነበር። አሁን ሳስበው ግን ለቅቄው ይሆናል። ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚያደርገውን አያውቅም። አይደል ጋሼ?»

ባሏ ውጭ ሰው ጠርቶት ወጣ። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ከዚህ የተሻለ ጊዜ እግዚአብሔር ራሱ ሊሰጠኝ አይችልም ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ደርሶ ነበር። ቤቷን አየሁ፤ በአክብሮት የምታየኝን ዓይኗን አየሁ።

«ያጋጥማል» አልኳት። «ይበቃል፣ አታስቢው።»

ሳህኔ ላይ ጨመረችልኝ። በላሁ።

ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም፤ እናንተን አልበደልኩም። አሮጊቷ ሞታለች። የቀረችው አየለች ነች። እሷ ደግሞ ይቅር የምትለኝ ነገር እንዳለ እንኳ አታውቅም። በየበዓሉ ትደውልልኛለች፤ «ጋሼ፣ ደህና ነህ?» ትለኛለች። «ደህና ነኝ» እላታለሁ።