ፖምፓው የተዘጋበት ሾፌር

አሮጌው ሚኒባስ ቁልቁል ሲወርድ፣ መንገድ ዳር ዳቦ የምትሸጥ ሴት ጋ ሊደርስ ሲል ሞተሩ ጠፋ። ዝም ብሎ እየተንከባለለ አለፋትና ራቅ ሲል ተነሣ፤ ጥቁር ጭሱን እዚያ ለቀቀው። ሾፌሩ ዳቦዋን ላለማጠን ብሎ ነው ያጠፋው። እሷ ልብ አላለችም፤ ከኋላ የተቀመጠው ጎረቤቱ ግን አየ። ይህን የሚጽፈውም እሱ ነው።

በጭሱ የተነሣ ባልንጀሮቹ ሾፌሩን «ባቡሩ» ይሉታል። ልጆቹን ያሳደገባት መኪና ናትና ስሙን አይጠላውም። ዘንድሮ ግን ለመኪና የሚፈቀደው የጭስ ልክ ጠበቀ። በዓመታዊው ምርመራ መርማሪው ጭስ ማውጫው ውስጥ መሣሪያውን ከትቶ ነዳጅ አስረገጠውና፣ «ወድቃለች» አለው።

ጋራዥ ሲወስዳት መካኒኩ ሳቀበት። «የነዳጅ ፖምፓውን ዘጋ እናድርገዋ! ነዳጅ ሲያንሳት ጭሷም ያንሳል። ስታልፍ ትከፍተዋለህ።»

ዘጉት፤ አለፈች። ባቡሩ አምላኩን አመሰገነ። በማግሥቱ ግን ፖምፓው ገና ሳይከፈት ሰው ሞልታ የሆስፒታሉ ዳገት ላይ ተንገዳግዳ ቆመች።

«ባቡሩ፣ ሐዲዱ አለቀ እንዴ?» አለ አንዱ።

«እባካችሁ ወረድ በሉልኝ፤ ባዶዋን ትወጣለች።»

«ሒሳብ ስንከፍል ተሳፋሪ፣ ዳገት ሲመጣ እግረኛ!» አሉ አንዲት እናት እየወረዱ።

በአፍረት ላብ ተጠምቆ ሊያስከፍት ወደ ጋራዡ በረረ። በሩ ላይ አንድ ባልንጀራውን እንደ ሐዘንተኛ ተቀምጦ አገኘው። እሱም ምርመራውን ካለፈ በኋላ ፖምፓውን መልሶ ከፍቶ ሲነዳ፣ ተቆጣጣሪዎች ጭሱን መንገድ ላይ ለክተው ታርጋውን ፈተውበታል።

ባቡሩ የመኪናውን ቁልፍ ጨብጦ ቀረ። ቢያስከፍት ታርጋው ይሄዳል፤ ቢተወው ዳገቱ አይገፋም። የተመደበለት መስመር ደግሞ ያው ዳገቱ ነው። እንዳይሸጣት ማን ይገዛታል? አዲሶቹ መኪኖች ሽው ብለው ሲያልፉ፣ «ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው» አለና ሳያስከፍት ተመለሰ።

ማታ የጎረቤቱን በር አንኳኳ።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ጽሕፈትህ ያምራል።»

«ምን ልጻፍልህ?»

«መስታወቱ ላይ የምለጥፈው። ‹ዳገቱ ላይ ወርደን በእግር እንወጣለን› በልልኝ። ሕመምተኛና ሽማግሌ አይወርዱም፤ እሱንም ጨምር። በየምልልሱ ከምለማመጥ ሲሳፈሩ ያንብቡት። ብቻ አደራህን፣ አንብቦ የሚረግመኝ እንዳይኖር አድርገህ ጻፍልኝ።»