አባዮ ወይስ አባዬ

ቂም ይዤ አልተኛም የሚሉ ሰዎችን አላምናቸውም። እኔ ዓመት ሙሉ ቂም ይዤ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቻለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ፌስቡክ ላይ ነው። የአንድ የድሮ ዘፋኝ አድናቂዎች ግሩፕ ነበረን። ሰውየው ስም ሳያወጣ በፊት ጅጅጋ ሾፌር ነበር፤ እኔም ካሴቶቹን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አንዱ ዘፈን ውስጥ ደጋግሞ የሚጣራው ቃል አለ። አዲስ አበቤው አድሚን ግጥሙን ሲለጥፍ «አባዬ» ብሎ ጻፈው፤ የሙት አባት ናፍቆት ነው ብሎም አብራራ። ግጥሙ ውስጥ አንድም ቦታ «አንተ» ወይም «አንቺ» የሚያሰኝ ስለሌለ፣ ካሴቱም ስላረጀ፣ ሁሉም አመነው። እኔ ግን ጅጅጋ ገበያ በወጣሁ ቁጥር የምጠራበትን ቃል አላጣውም። «አባዮ» ነው የሚለው፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለት፣ ሴት ሁሉ የምትጠራበት። ዘፈኑ የፍቅር ነው፣ የሚጠራውም የእኛን አገር ልጅ ነው ብዬ በትህትና ኮመንት ጻፍኩ።

«አማርኛ የምታስተምረን ደግሞ ከጅጅጋ መጣችልን» ብሎ መለሰልኝ። የሳቅ ምልክቱ ከሥሩ ተደረደረ። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ አያቴ ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ይህንን ልጽፍ ስል ከግሩፑ አስወጥቶኛል። የፕሮፋይል ፎቶውን ከፍቼ ፊቱን እንደ ፈተና አጠናሁት።

በዓመቱ ያ ፊት ፎቶ ኮፒ ቤቴ ገባ። ለሥልጠና መጥቶ ኖሮ፣ ፍላሽ ይዞ «እህት፣ ይቺን ፕሪንት ታደርጊልኛለሽ?» አለኝ። የእኔ ፕሮፋይል የካሴት ሽፋን ስለነበር አላወቀኝም። ወረቀቱን ሆን ብዬ አንድ በአንድ አወጣሁ፤ ጎረቤቴ ወተት ሻጯ በዚያ ሰዓት ብቅ እንደምትል አውቃለሁ። መጣች፤ ገና ከበሩ «አባዮ» ብላ ጠራችኝ። ሰውየው ቀና አለ። ምን ማለቷ እንደሆነ ራሷን ጠይቃት አልኩት።

«እህቴ ማለት ነው» አለችው። «ለወንድ አይሆንም።»

ያን ጊዜ ማን እንደሆንኩ ነገርኩት፤ የጻፈልኝንም ቃል በቃል አነበነብኩለት። ይከራከረኛል፣ እኔም ልክ አስገባዋለሁ ብዬ ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አባቱ በሞቱ ጊዜ እንባ እንቢ ብሎት እንደነበር፣ ከአርባቸው በኋላ ታክሲ ውስጥ ያንን ዘፈን ሲሰማ ያኔ ገና እንባው እንደወጣለት፣ ግሩፑንም የከፈተው ለዚያው እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ ጠየቀኝ።

«ምናልባት ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ አይደል?»

ሊሆን ይችላል ብል ምንም አይጎድልብኝም ነበር። ካሴቱ እንደሆነ አርጅቷል።

«አይችልም» አልኩት። «ሴት ናት።»

ወረቀቶቹን ሰብስቦ ሄደ። በማግስቱ ግጥሙን «አባዮ» ብሎ አስተካከለው፣ እኔንም ወደ ግሩፑ መለሰኝ፣ አድሚንነቱንም ለሌላ ሰው ለቀቀ። ደስ አለኝ፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ችግሩ፣ ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር ልጅቷ ትጠፋብኝና በሕይወቴ አይቻቸው የማላውቃቸው የሰውየው አባት ይመጡብኛል።