የከማል ድምፅና የገለባው ጆንያ

ባለፈው ሳምንት ልጄ በጠባቧ ክፍሉ ውስጥ ቁመቱን የሚያህሉ ስፒከሮች አስገብቶ፣ «አባዬ፣ ትንሽ ካዳመጥኩ ራሴን ይወጋኛል፤ ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን?» ብሎ ጠራኝ። ገባሁና አንዴ አጨበጨብኩ። ባዶው ግድግዳ ጭብጨባዬን መልሶ ጆሮዬ ላይ ወረወረው። «ዕቃህ ደህና ነው፤ የታመመው ክፍሉ ነው። ከጥግ አውጣቸው፣ ግድግዳውንም ወፍራም ነገር አልብሰው» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀና «አንተ ደግሞ ይሄን የት ተማርክ?» አለኝ። ጅማ አልኩና ወሬውን ቆረጥኩት። 

ዘመኑ ደርግ ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና የሚያፍስበት ነበር። እኔ ከደብረ ብርሃን ሄጄ ለመምህርነት ስማር፣ ሄርማታ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ አዴ ዘይነባ ግቢ ተከራይቼ ነበር። «አዴ» በጅማ ትልቅ ሴት የምትከበርበት መጠሪያ ነው። ባላቸው ሞተውባቸዋል። ጠዋት ጠዋት የበቆሎ ቂጣ ማር ቀብተው ይሰጡኝና «ብላ እንጂ! በዚህ አንጀትህ ማንን ልታስተምር ነው?» ይሉኝ ነበር።

አንድ ልጃቸው ከማል ካሴት ቤት ነበረው። አፈሳው ሲበረታ በሱዳን አድርጎ ጅዳ ገባ። አዴ ለቀበሌው «አዲስ አበባ ሥራ ይዟል» ብለዋል። እውነቱ ቢታወቅ ልጅ አስኮበለልሽ ተብለው መታሰራቸው አይቀርም።

ጥር ላይ ከጅዳ የመጣ ሰው ከማል ድምፁን የቀዳበትን ካሴት ደብቆ አመጣላቸው። የካሴት ቤቱ ማጫወቻና ትልልቅ ስፒከሮች በከማል ትንሽ ክፍል ተቀምጠዋል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ባዶ። ጎረቤት እንዳይሰማ በርና መስኮት ዘግተን ከፈትነው። ወይ ጉድ! ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው የሚጮህ ነው የሚመስለው። የአዴ ጆሮ ደከም ያለ ነው፤ ስቀንሰው አይሰሙም፣ ስጨምረው ግንባራቸውን ይዘው ያቃስታሉ። «ልጄ ነው፤ ግን ምን እንደሚለኝ አላወቅሁም» ብለው አለቀሱ። ትንሽ ቴፕ መዋስ ይቻል ነበር፤ ግን «ምን ልትሰሙበት ነው?» ለሚል ጎረቤት ምን ይባላል?

ስፒከሮቹን ከጥግ አወጣሁ፣ ወፍራሙን ድምፅ ቀነስኩ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ተሻለ እንጂ አልዳነም። በሰርቦ መንገድ የደረቀ ቡና በሞተር ከገለባው የሚለይበት መቀሸሪያ ነበር። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ከገለባው ክምር ኋላ ስሆን የሞተሩ ጩኸት ጥፍት አለብኝ። አሃ! አልኩ። በማግስቱ ገለባ በጆንያ አስሞልቼ፣ እንዳይፈስ አፉን ሰፍቼ፣ በጋሪ አምጥቼ በግድግዳው ዙሪያ ደረደርኩት።

ካሴቱን ስከፍተው ከማል አጠገባችን የተቀመጠ መሰለ። «ሃርሜ፣ እማዬ፣ ደህና ነኝ። ዳቦ ቤት ነው የምሠራው...» አዴ እናቷን እንዳገኘች ሕፃን ፈገግ አሉ። ገና ግማሹን እንኳ ሳንሰማ በሩ ተደበደበ፤ ማጫወቻውን ዘጋሁት።

የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ናቸው፤ ጆንያ በጋሪ ሲገባ ያየ ሰው ጠቁሟቸዋል። ጅማ ውስጥ አፉ የተሰፋ ጆንያ ማለት ቡና ማለት ነው፤ ቡና ማከማቸት ደግሞ ያኔ አሻጥር ነው። እኔ የደጋ ልጅ አላሰብኩትም፤ አዴም በደስታ ረስተውታል።

ጆንያዎቹን ግቢ አውጥተው እየቀደዱ ይዘረግፉ ጀመር። ከእነሱ አንዱ፣ ሙስጠፋ የሚባለው ወጣት፣ በሩ ላይ ቆሞ ስለሚያየኝ ካሴቱን ማውጣት አልቻልኩም። መንገድ የማስለቅቅ መስዬ ስፒከሮቹን ጥግ መለስኳቸው፤ ወፍራሙንም ድምፅ እስከ መጨረሻው ጨመርኩት። ድምፁ ካልተለየ እንድናለን ብዬ ነበር።

መሪያቸው ላቡን እየጠረገ ገባ። «ገለባ የሚያከማች ጤነኛ ሰው አለ?»

«ለድምፁ ነው፤ እንዳይጮህ» አልኩ።

«ለየቱ ድምፅ?» አለና ማጫወቻውን ተጫነው።

ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ሰውየው ፊቱን አኮማተረ፣ ግን አልዘጋውም፤ ጭራሽ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል «ሃርሜ» የምትለዋ ቃል ወጣች። የአዴ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«ማነው ይሄ?»

ሙስጠፋ ከበሩ መጥቶ ዘጋው። «ሰርግ ላይ የሚያንጎራጉር የሰርቦ ሰው ነው፣ ጓድ፤ አውቀዋለሁ። ወላሂ ጆሯችን ሊፈነዳ ነው፣ እንውጣ!» መሪው በእኛም በገለባውም ላይ እየተራገመ ወጣ። ሙስጠፋ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ጎንበስ አለና፣ «አዴ፣ ይቺ ካሴት እዚህ ቤት እንዳታድር» አላቸው።

ለካ ሙስጠፋና ከማል በአንድ ዴስክ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው። ገና «ሃርሜ» ሲል ለይቶታል። እኔ ግን በስፒከሮቹ ብልሃት የዳንን መስሎኝ ነበር!

ጆንያው ተቀዳዷል፣ ገለባው ግቢውን ሞልቶታል። አዴ ስፒከሮቹን ከጥግ እንኳ ሳላወጣ «ክፈተው» አሉኝ።

«ያምዎታል፣ አዴ።»

«ይመመኝ!»

ግንባራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ፣ እስከ መጨረሻው ሰሙት። እኔ አንድ ቃል አልለየሁም። ከዚያ ካሴቱን ራሳቸው ወስደው ምድጃው ውስጥ ጨመሩት። ያ የላስቲክ ጭስ ጉሮሮዬን ከነከነኝ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ከማል ተመለሰ፤ አዴ ግን አልጠበቁትም፣ አርፈዋል። አፈላልጎኝ አዲስ አበባ ድረስ መጣና ገና ሳይቀመጥ ጠየቀኝ።

«መጨረሻ ላይ፣ ሳልሰናበትሽ ስለሄድኩ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብያት ነበር። ሰማችው?»

አዴ ያን ዕለት እሳቱን እያዩ «አውፍ ብያለሁ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፤ አውፍ ብያለሁ» ሲሉ፣ በድንጋጤ የሚቃዡ መስሎኝ ውኃ አምጥቼላቸው ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። ከማል፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ ትከሻዬ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ እኔም አልቻልኩም።

ልጄ ትናንት ክፍሉን አስተካክሎ ጥርት ያለ ዜማ አሰማኝ። ደስ ይላል፤ ጎበዝ አልኩት። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ጤነኛ ጆሮ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ያልሰማሁትን እኚያ ጆሮ ደካማ እናት እንዴት እንደሰሙት ዛሬም አይገባኝም። ለልጄ ብነግረው የሚጠይቀኝ ስለ እናትየዋ ሳይሆን ስለ ስፒከሩ ነው ብዬ ዜማውን አስደገምኩት።